የአፋፍ መናገሻ፤ ከሲኤምሲ እስከ አንኮበር



ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በሚጠራበት በጥቅምት ማለዳ፥ ከሲኤምሲ ሚካኤል ቅዳሴ ወጥቶ ፊቱን ወደ ሰሜን የመለሰ ሰው፥ ከፎቆቹ ራስ በላይ የየካን ጋራ ከነባሕር ዛፉ ተጋድሞ ያየዋል፤ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ እንደ ሆነም፥ ከአያት ማዶ ምድሩ እየሰፋ ወደ ለገጣፎና ወደ ለገዳዲ ሲዘልቅ ያስተውላል። እኔ በዚህ ሰፈር በኖርሁበት ዘመን ይህን የምሥራቅ አድማስ ለብዙ ጊዜ የከተማ ፍጻሜ፥ የባቡሩ መጨረሻ፥ ከዚያም ወዲያ ለዘመድ ለቅሶ ካልሆነ በቀር ማንም የማይሄድበት ሜዳ አድርጌ እቆጥረው ነበር። አሳቤ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ያ አድማስ ወደ ተጉለትና ወደ ቡልጋ፥ ወደ መንዝና ወደ ይፋት የሚያስገባ በር ነው፤ አዲስ አበባ ገና ስሟ ሳይጠራ፥ ዛሬ እኛ ቤት ሠርተን የምንኖርበት ምድር ገና እርሻና የከብት ማሰማሪያ ሳለ፥ የሸዋ ነገሥታት ዙፋን የተዘረጋው፥ ግብሩ የገባው፥ የባሕር ማዶ መልእክተኛም የተቀበለው በዚያ በር ውስጥ ነበር።

ዛሬ በዚህ በር ወጥተን እስከ አንኮበር እንዘልቃለን። አንኮበር በሰሜን ሸዋ የምትገኝ ወረዳ ስትሆን፥ የወረዳይቱ ከተማ ጎረቤላ የምትባል፥ በጋራው ጫንቃ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የጎንደርን ግንብ ወይም የላሊበላን ውቅር የመሰለ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ቢነሣ ልቡ ያዝናል፤ የሸዋ ነገሥታት አዳራሻቸውን የሠሩት በአብዛኛው በእንጨት፥ በጭቃና በሣር ነበርና፥ እንጨቱ በስብሶ፥ ሣሩም ነፋስ በልቶት፥ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ዓይናችን ሕንፃ ከመፈለግ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዞ እንዲሄድ እወዳለሁ። ጥያቄውም አጭር ነው፤ ለምን እዚህ? ንጉሡ ሰፊው አገር ሁሉ ሳለለት ድንኳኑን በዚህ ጋራ ላይ ስለ ምን ተከለ? ገበያው ከዚያ ኮረብታ በታች ስለ ምን ቆመ? አዳራሹ ቢጠፋም፥ ቦታውን የመረጠው ሰው አሳብ ከጋራው፥ ከውሃውና ከመንገዱ ጋር እስከ ዛሬ ስላለ፥ ለጠየቀው ሰው መልስ ይሰጣል።

ጥያቄውን ከራሳችን ደጃፍ እንጀምር። ሲኤምሲ የሚለው ስም እንደ ጉለሌና እንደ የካ ከጥንት የወረደ አይደለም፤ የኢጣሊያ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ስም በፊደላቱ አጥሮ በቦታው ላይ የቀረ ነው። በስተ ሰሜን ያለው የየካ ጋራ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ የወጣ ሰው፥ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራውን የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ጣራው ወድቋል፤ በክረምት ውስጡ ውሃ ስለሚቋጥር በበጋ ቢሄዱበት ይሻላል። ትውፊት ሥራውን እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል፤ የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት ደግሞ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጡታል። የዘመኑ ነገር እንዲህ ቢያከራክርም፥ አዲስ አበባ ከመቈርቈሯ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚህ ጋራ ላይ ዐለት የሚፈለፍል እጅና የሚጸልይ ከንፈር እንደ ነበረ የሚክድ የለም። የሲኤምሲ ልጆች ይህን ሳያዩ አክሱምን በመጽሐፍ ብቻ ማጥናታቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወደ ላምበረት መናኸሪያ እንሂድ። የደሴው መንገድ በኮተቤና በካራ በኩል፥ ከእኛ ሰፈር ጋር ጎን ለጎን ሄዶ ወደ ለገጣፎ ይወጣል። ለገ ማለት በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነውና፥ ለገጣፎ፥ ለገዳዲ እያለ የሚጠራው ተጓዥ ሳያውቀው ወንዞችን እየቈጠረ ይሄዳል፤ የስሞቹንም እውነተኛነት ለማረጋገጥ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራውንና የከተማችንን ጥማት ከሚያረኩት አንዱ የሆነውን የለገዳዲን ግድብ ማየት ይበቃል። በየቤታችን ቧንቧውን ስንከፍት የሚወርደው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ለልጅ ማሳየት የታሪክም የጂኦግራፊም ትምህርት ነው። ሰንዳፋን፥ ከዚያ አለልቱን እናልፋለን። ሸኖ ስንደርስ የማንኛዪቱም የአዲስ አበባ እመቤት ልብ ይነሣል፤ ለጋው የሸኖ ቅቤ በገበያችን ስሙ የታወቀ ነውና። ቅቤው ስለ ምን ከዚህ መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው፥ መልሱን በመስኮቱ ያየዋል፤ ብርዱ፥ ለምለሙ ሜዳ፥ ውሃው የማይጠፋው ረግረግ፥ በዚያም ላይ የተሰማሩት ላሞች።

ጫጫ ላይ ግን ከመኪናው መውረድ ይገባል። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም.፥ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ሊይዝ በገሠገሠበት ሰዓት፥ ኃይለ ማርያም ማሞ ተከታዮቻቸውን ይዘው ያን የሠራዊት ጕዞ የገጠሙት በዚህ በጫጫ ነበር፤ ስለዚህም በሸዋ ከአርበኞች ሁሉ ቀዳሚ ተብለው ይታወሳሉ። ዋና ከተማው በጠላት እጅ ሊወድቅ የቀረው የሰዓታት ዕድሜ ብቻ ሳለ፥ ነገሩ አለቀ ባልተባለበት በዚህ ስፍራ ጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ መቆም ተገቢ ይመስለኛል።

ከጫጫ ወጣ ብሎ አንጎለላ አለ። ስፍራው ሲያዩት ገላጣ አምባና እርሻ ነው፤ ገብሱ በነፋስ ይወዛወዛል፥ እረኞቹ በርኖሳቸውን ተከናንበው ከካቡ ሥር ይጠለላሉ። ነገር ግን ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፥ ከአንኮበር ቀጥሎ ሁለተኛ መናገሻቸውን ያደረጉት በዚህ ነበር። ለምን እዚህ? አንኮበር ፊቷን ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ቆላውና ወደ ባሕሩ መንገድ የመለሰች ናት፤ ንጉሡ ግን በዚያን ጊዜ ዓይናቸው በምዕራብና በደቡብ በተንጣለለው በኦሮሞ አገር ላይ ነበርና፥ አንድ ጊዜ በጦርነት፥ አንድ ጊዜ በጋብቻና በስምምነት ግዛታቸውን ሲያሰፉ፥ ከአንኮበር ጉም ውስጥ ሆነው ያን ሁሉ ማየት ስላልቻሉ፥ ወንበራቸውን ወደ ገላጣው ሜዳ አመጡት። አንጎለላ ወደ ምዕራብ የተከፈተ መስኮት ነበረች።

በዚህችም መስኮት አጠገብ፥ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ። አባቱ የንጉሡ ልጅ ኃይለ መለኮት፥ እናቱም በቤተ መንግሥቱ ታገለግል የነበረችው እጅጋየሁ ነበሩ፤ የክርስትና ስሙ ሣህለ ማርያም ተባለ። ምኒልክ የሚለውን ስም ያወጡለት አያቱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደ ሆኑ ይነገራል። በክረምት አጋማሽ፥ ምድሩ ጭቃ፥ ሰማዩ ጉም በሆነበት ወራት፥ በሣር ቤት ውስጥ የተወለደው ይህ ሕፃን በኋላ የዓድዋ ድል አድራጊ እንደሚሆን በዚያን ሌሊት እሳት ዳር ከተቀመጡት አገልጋዮች ማን ሊያውቅ ይችል ነበር? ወደ አንጎለላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ወላጆች፥ ይህን ለልጆቹ ስትነግሯቸው በሜዳው ላይ ቆማችሁ ንገሯቸው፤ ብርዱ ፊታቸውን እየመታው የሰሙት ነገር አይረሳቸውም።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ፥ ስፍራውንም ደብረ ብርሃን ብለው እንደ ሰየሙት ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ ድንኳን እየነቀሉ፥ ድንኳን እየተከሉ አገሩን ይዞሩ ነበር እንጂ በአንድ ስፍራ አይቀመጡም ነበርና፥ እኒህ ንጉሥ የቀረ ዕድሜያቸውን ከሞላ ጎደል በዚህ መፈጸማቸው ታላቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን የታሪክን ሐቅ ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል፤ ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ነው ተብሎ ስለ ተጻፈ፥ ያ ብርሃን ለአንዱ የምሥራች፥ ለሌላው የኀዘን መታሰቢያ ነበር። ስሙን ስንጠራ ሁለቱንም ማሰብ ይገባናል።

የደብረ ብርሃን ብርድ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሆኖ ይወርዳልና ጋቢ አትርሱ። የአገሩ ሰው ይህን ብርድ በበግ ጠጕር ድል ነሥቶታል፤ ባናውና ዝተቱ፥ በርኖሱም የተወለዱት ከዚሁ ውርጭ ነው፥ በኋላም የሱፍ ፋብሪካው የቆመው በዚሁ ከተማ ነው። በከተማይቱ አጠገብ ያለውን ልቼን ሳንጠቅስ አንለፍ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ይዘዋቸው ከነበሩበት ከመቅደላ በ1857 ዓ.ም. ያመለጡት ምኒልክ በሸዋ ከነገሡ በኋላ መናገሻቸውን በልቼ አደረጉ፥ በ1870 ዓ.ም.ም ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የታረቁበት ስምምነት በዚህ ስፍራ ስም ይጠራል።

አሁን ዋናውን አስፋልት ትተን ወደ ምሥራቅ እንታጠፍ። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፥ በእኔ አሳብ፥ በአገራችን ካሉት መንገዶች ሁሉ ሰውን እንደ እርሱ ዝም የሚያሰኝ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ገብስ፥ ባቄላ፥ የድንጋይ ካብ፥ በየደጁ የተከመረ ኩበት። ከዚያ ምድሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ሣሩ ያጥራል፥ ጅብራው እዚህም እዚያም ብቻውን እንደ ቆመ ዘበኛ ይታያል፤ ድንገትም ምድር ያልቃል። አፋፍ ነው። ከእግርህ በታች ገደሉ፥ ከገደሉ በታች ሌላ ጋራ፥ ከዚያ ሌላ፥ ከዚያም በታች ከሐሩሩ ብዛት እንደ ጭስ የደበዘዘው የአፋር ቆላ። በዚህ አፋፍ ላይ ቆሞ ዝናብ ያገኘው ሰው ስለ ጠብታዎቹ ቢያስብ መልካም ነው፤ ከጀርባው የወደቀው በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፥ ዓባይም ግብፅን አጠጥቶ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል፤ ከፊቱ የወደቀው ግን ወደ አዋሽ ወርዶ፥ ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የአንድ ደመና ልጆች በአንድ እርምጃ ልዩነት እንዲህ ለዘለዓለም ይለያያሉ።

ጭላዳዎቹን የምታገኙት በዚሁ አፋፍ ላይ ነው። ሌሊቱን ከገደሉ ገጽ ላይ ተለጥፈው ያድራሉ፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው፥ ተቀምጠው እየተንሸራተቱ፥ በጣቶቻቸው ሣር ይነጫሉ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም በየትም የዱር መኖሪያ የላቸውም፤ ሣርን ዋና ምግባቸው በማድረግም ከዝንጀሮ ወገን ተለይተው የሚታወቁ ናቸው። የወንዱ ጎፈር እንደ አንበሳ፥ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት እንደ ልብ ነው። ምግብ አትወርውሩላቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ የገበሬውን አዝመራ መድፈሩ፥ ገበሬውም ድንጋይ ማንሣቱ አይቀርምና። ከዚህም አፋፍ በአንዲት ትንሽ ወፍ ስም አንኮበር በዓለም የአዕዋፍ ሊቃውንት መዝገብ ተጽፋለች፤ ከእህል ለቃሚ ወፎች ወገን የሆነችውና መልኳ ቡናማ የሆነችው ይህች ወፍ፥ በ1971 ዓ.ም. ለሳይንስ ስትተዋወቅ አንኮበሬንሲስ የሚል መጠሪያ ተሰጥቷታል። ንጉሦቹ ሄደው ስሙን የያዘችው ወፊቱ ናት።

በስተ ሰሜን በኩል የወፍ ዋሻ ደን ጽዱንና ወይራውን፥ ዝግባውንና ኮሶውን ይዞ በቁልቁለቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከዚህ ደን አስወስደው፥ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በወጨጫ ጋራ ላይ፥ ዛሬ የመናገሻ ሱባ ደን ብለን በምንጠራው ስፍራ አስተከሉ የሚል ትውፊት አለ። ይህን ትውፊት እወደዋለሁ። አንድ ንጉሥ ጥላውን ለማያይለት ዛፍ ዘር በጭነት ሲያስጉዝ ማሰብ፥ ባሕር ዛፍ ብቻ እያየን ላደግን ለእኛ ለከተሜዎች ትልቅ ነገር ነው።

እነሆ አንኮበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድሁ ዕለት፥ ከጎረቤላ ወጥቼ፥ ዳገቱን እየተነፈስሁ ስወጣ፥ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት አገኘሁ። «እማማ፥ እንደምን ዋሉ? ቤተ መንግሥቱ የነበረው የትኛው ላይ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ ሸክማቸውን ሳያወርዱ፥ «የቆምክበት ነው ልጄ፤ ካቡን ረግጠህ አለፍክ» አሉኝ። ወደ ኋላዬ ዞሬ ባይ፥ ሣር የወረሰው የድንጋይ ተርታ ነበር። ያን ጊዜ ያፈርሁትን ዕፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ ይህን ዝግጅት እንድጽፍ ካነሣሡኝ ምክንያቶችም አንዱ እርሱ ነው።

የስሙን ነገር በተመለከተ፥ በዚህ ስፍራ አንኮ የምትባል የኦሮሞ ባላባት እመቤት ትኖር እንደ ነበረና፥ በሩም የእርስዋ በር፥ አንኮ በር እንደ ተባለ ይተረካል። ከተማይቱን መናገሻ ያደረጓት በ18ኛው መቶ ዓመት የገዙት የሸዋው መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ናቸው፤ ከእርሳቸው የወረደው ትውልድ እስከ ሣህለ ሥላሴና እስከ ምኒልክ ድረስ በዚህ ጋራ ላይ ተቀምጧል። በር የሚለውን ቃል አስተውሉ። ጥያቄያችንም መልሱን የሚያገኘው በዚህ ቃል ነው። ከኮረብታው ጫፍ ሆኖ የሚያይ ሰው፥ ከኋላው የደጋውን እህል፥ ከብትና ሕዝብ፥ ከፊቱ የቆላውን መንገድ በአንድ ጊዜ ይጠብቃል፤ ጋራው ሾጣጣ ስለ ሆነ፥ በዙሪያው አጥር በአጥር ላይ ከታጠረበት ጠላት በቀላሉ አይወጣውም፤ የቆላው ወባ ወደ ላይ አይደርስበትም፤ ደኑ ለምሰሶና ለማገዶ ቅርብ ነው። ከባሕር የመጣ ጨው፥ ጨርቅና መሣሪያ ሁሉ ወደ ደጋው ሲወጣ፥ ከደጋው የሚወርደውም ሁሉ ወደ ባሕር ሲሄድ፥ ከዚህ በር ሥር ሳያልፍ፥ ቀረጥም ሳይከፍል አይሄድም። ነገሥታቱ አንድን መንግሥት በአንድ አፋፍ ላይ አስደግፈው አቆሙት።

ከአፋፉ በታች የአልዩ አምባ ገበያ አለ። አልዩ አምባ የአርጎባ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች፥ የአፋርም የግመል ጌቶች ከደጋው ሰው ጋር የተገናኙባት፥ የመስጊዱ አዛን ከላይ ካለው ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር በአንድ ሸለቆ የተሰማባት ከተማ ነበረች። ጨው ከዚህ ወጣ፤ ቡና፥ የዝሆን ጥርስ፥ እህልና በቅሎ ከዚህ ወረደ። ከዚህ ጋር አብሮ መነገር ያለበት፥ የሰው ልጅም በዚሁ መንገድ እየተሸጠ መውረዱ ነው፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ወጣቶች በእግራቸው ይህን ቁልቁለት ወርደው ወደ ተጁራ ጠረፍ ተነድተዋል። ወደ አንኮበር ሄዶ የነገሥታቱን ክብር ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው የመንገዱን እኩሌታ አላየም፤ ገደሉን ቁልቁል ሲመለከት ስማቸው ያልተጻፈውን እነዚያን ልጆች ማሰብ አለበት።

የውጭ አገር ሰዎች ያንኑ መንገድ ሽቅብ ወጥተውታል። በ1831 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ መጣ፤ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ስለ ሕዝቡና ስለ ቋንቋው ብዙ ጻፈ። በ1833 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን ዊልያም ሃሪስ የእንግሊዝን ልዑካን እየመራ፥ መድፍና ጠመንጃ በግመል ጭኖ፥ በዳናክል በረሃ ከአንድ ወር በላይ ተጕዞ ደረሰ፤ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም.ም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ሃሪስ ከተመለሰ በኋላ በሦስት ክፍል ያሳተመውን መጽሐፍ ሳነብብ፥ ብዙ ትዕቢትና ብዙ የተሳሳተ ፍርድ አገኝበታለሁ፤ ሆኖም በጋራው ዙሪያ እየተጠማዘዘ የሚወጣውን የእንጨት አጥር፥ የሾጠጡትን የሣር ጣራዎች፥ የንጉሡንም አደባባይ በቃል ሥሎ ስላስቀረልን ባለውለታችን ነው። ከልዑካኑ አንዱ የነበረው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ደግሞ በቀለም ሥሎታል። እኛ ከእንጨት የሠራነውን እንጨት አልጠበቀውም፤ የእንግዳ ወረቀት ጠበቀው።

ከአንኮበር ብዙ ሳይርቅ ሌት ማረፊያ የሚባል ስፍራ አለ። ምኒልክ ንጉሠ ሸዋ ሳሉ ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን ለጥናት ጣቢያ የሰጡት ነው፤ የልዑካኑ አለቃ ማርኬዝ ኦራትስዮ አንቲኖሪ፥ ወፍና ዕፀዋት ሲሰበስብ የኖረ ሽማግሌ፥ በነሐሴ ወር 1874 ዓ.ም. በዚያው ሞቶ በዚያው ተቀበረ። አገሩ ኢጣሊያ በኋላ በዓድዋ ከእኛ ጋር ተዋጋች፤ የሽማግሌው መቃብር ግን ከጦርነቱ በፊትም ከጦርነቱ በኋላም በአበሻ አፈር ውስጥ በሰላም አረፈ።

ታዲያ አንኮበር ይህን ያህል የተመቸ በር ከነበረች፥ ነገሥታቱ ስለ ምን ተዉአት? ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሞተው፥ ዐፄ ቴዎድሮስም ሸዋን ይዘው ሕፃኑን ምኒልክን ወደ መቅደላ ሲወስዱ አንኮበር ከባድ ቁስል ቈሰለች፤ ያ ቁስል ግን አልገደላትም፥ ምኒልክ ተመልሰው ደግሞ ይዘዋታልና። የተተወችው የመንግሥቱ ክብደት ስለ ዞረ ነው። ግዛቱ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ ሲሄድ፥ ቀድሞ መሐል የነበረችው አንኮበር ጥግ ሆነች፤ በር የነበረው አፋፍ የቤቱ የኋላ ግድግዳ ሆኖ ቀረ። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሄዱ፤ በእንጦጦ ብርዱ ሲበረታና ማገዶው ሲያንስ፥ እቴጌ ጣይቱ የወደዱት የፍልውሃ ሜዳ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሆነ። በዚያው በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ፥ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፥ የጠመንጃ ጭነት ይዞ ከተጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ቢደርስ፥ ንጉሡን አጣቸው። ደክሞት፥ ግመሎቹ ተጐሳቍለው፥ ጕዞውን ወደ እንጦጦ መቀጠል ግድ ሆነበት። ያ ነጋዴ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ የሄደበትን አቅጣጫ በካርታ ላይ ብትከተሉት፥ ጣታችሁ ወደ ምዕራብ እየሄደ፥ ዛሬ የእኛ ሰፈር ወዳለበት ወደ የካ ጋራ አካባቢ ይመጣል። ሲኤምሲና አያት የቅርብ ጊዜ መንደር ይምሰሉ እንጂ፥ የመንግሥቱ ክብደት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲዞር የዞረው በእነርሱ አጠገብ ነው።

ለመሄድ የምታስቡ አድማጮቻችን፥ ጥቂት ምክር ልጨምር። በቅርብ ዓመታት በሰሜን ሸዋ የኖረው ሕዝብ ብዙ መከራ አይቷልና፥ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰዎች ጠይቁ፤ ጊዜው ካልፈቀደ ጋራው አይሄድም፥ ጠብቁት። ስትሄዱም ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ይሻላል፤ ነገር ግን ጉሙ በማናቸውም ወር ከቀትር በኋላ ከቆላው ስለሚነሣ፥ ወደ ጋራው በማለዳ ውጡ። በዚያው አድራችሁ ብትመለሱ ትርፉ ብዙ ነው። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ፥ ነጠላ ልበሱ፥ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ፤ የቅርስ ዕቃ ከዕቃ ቤቱ ይውጣልን ብላችሁ አታስጨንቋቸው፥ ብዙ ተሰርቆባቸዋልና መጠርጠራቸው ተገቢ ነው። ከፈረሰው ካብ ላይ ድንጋይ አታንሡ። በእርሻ መካከል ስታልፉ «እንደምን ዋላችሁ» በሉ፤ በዚያ አገር ሰላምታ ሳይሰጥ ያለፈ ሰው ከምንጩ ውሃ ሳይጠጣ እንዳለፈ ይቈጠራል።

ያን የመጀመሪያ ቀን፥ ጭራሮ የተሸከሙት እናት ከሄዱ በኋላ፥ በካቡ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከአዋሽ በኩል ተነሣ፤ መጀመሪያ የቆላውን ኮረብታዎች፥ ቀጥሎ የአልዩ አምባን ቁልቁለት፥ ከዚያም ከእግሬ ሥር ያለውን ጽድ ሸፈነ። ከጉሙ ውስጥ ግን የአህያ ኮቴ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ከገበያ የሚመለሱ የአርጎባ ሴቶች ነበሩ፥ ድምፃቸው ከመልካቸው በፊት ደረሰ። በዚያው በአሮጌው መንገድ ሽቅብ ወጥተው፥ ሰላም ብለውኝ አለፉ።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እነርሱ የወጡትን ቁልቁለት እኛ ወርደን፥ የአልዩ አምባን ገበያና የአርጎባን ሸማኔዎች እንጎበኛለን።